ሰባተኛው አስተያየት

ይህ የሆነ ነገር ነው። «ፈጠራ ነው» ልትሉ ከወዲሁ ጣታችሁን የቀሰራችሁ ሰዎች፣ ደስ ያላችሁን ጻፉ። እናንተን ለማሳመን አይደለም የምጽፈው። ብቻዬን ይዤው መቀመጥ ስላቃተኝ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ለሚ ኩራ ላይ ፀሐይ አናት የሚበሳበት ሰዓት ነው። የሰፈሩ ግንበኞች ምሳቸውን በልተው ወደ ሥራ እየተመለሱ ነበር።

እዝራ እባላለሁ። ቦሌ መንገድ ላይ አንድ ፎቅ ውስጥ ጠባብ ቢሮ አለኝ፣ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ታናሽ እህቴ ሄኒ ደግሞ ለሚ ኩራ አዲስ በተሠራ ገስት ሃውስ ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ ትሠራ ነበር። ሥራውን ያገኘሁላት እኔ ነኝ።

እዚያ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ... ይህን ማንም እንዲያስታውሰኝ አልፈልግም።

የቤቱ ባለቤት ኤርሳዶ ይባላል። ትልቅ ሰው ስለሆነ ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ግን አላከብረውም፤ ይቅር በሉኝ ብዬም አልለምናችሁም።

ሰውዬው የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ኮከብ። ጉግል ላይ አንድ ሆቴል ስትፈልጉ ከስሙ ስር የሚወጡትን ቢጫ ኮከቦች ታውቋቸዋላችሁ አይደል? እነሱን።

«ከመንገዱ ማዶ ያለው ቀጣፊ አራት ነጥብ ስምንት አለው» አለኝ ሰኞ ዕለት፣ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቅኖ። «እኔስ? ምን ጎደለኝ?»

«እንግዶችዎ አስተያየት አልሰጡማ።»

«አንተ ስጥልኛ!»

«እንደዚያ አይሆንም። ሰው የራሱን ቤት ራሱ አመስግኖ ኮከብ አይወጣለትም። ይነቁብናል።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ ሄኒ ዞረ። እሷ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆማ ሁሉንም ትሰማለች።

«እስከ ሐሙስ ኮከቡ ካልወጣ...» አለኝ፣ «እህትህን ይዘህ ትወጣለህ።»

ሄኒ አንገቷን ደፋች። ደሜ ፈላ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቪዋን ይዛ ስትንከራተት ያየሁ ሰው ነኝ። ያ ሥራ ከእጇ እንዲወጣ አልፈለግኩም።

ስለዚህ ለመዋሸት ተስማማሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከድረ ገጽ ጀርባ ሰው የማያየው ጽሑፍ አለ። የሚያነበው የፍለጋ ሞተሩ ጉግል ብቻ ነው። «እገሌ የሚባል ሰው፣ በዚህ ቀን፣ ለዚህ ቤት አምስት ኮከብ ሰጠ» እያላችሁ በየመስመሩ ትነግሩታላችሁ። ያላችሁትን ካመነ ኮከቡን ያወጣዋል።

እንዲያምነኝ እውነተኛ ስምና ቀን ፈለግኩ። ሄኒ የእንግዳ መዝገቡን አምጥታ ሰጠችኝ። መታወቂያ እያየች በእጇ የምትሞላው ትልቅ ደብተር ነው። ስድስት ሰው መረጥኩ። ስማቸውንና ያደሩበትን ቀን እንዳለ ገለበጥኩ። ምስጋናውን ፈጠርኩት... «ንጹሕ ነው»፣ «ጸጥ ያለ ነው»፣ «እንደገና እንመጣለን»።

ሄኒ ከትከሻዬ በላይ ታነባለች።

«ክፍል አራትን ተወው» አለች በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«እዚያ ያደረ ሁሉ ራሱን ያመዋል። ከሰል ከሰል ይሸታል ይላሉ።»

«ከሰል ታቀጣጥላላችሁ እንዴ?»

«እዝሪ... እዚህ ቤት ከሰል የሚባል ነገር የለም። በኤሌክትሪክ ነው የምናበስለው።»

ሳቅኩባት። መጀመሪያ የጻፍኩት የክፍል አራቱን እንግዳ ነው። ግርማይ ይባላል፣ ያደረው ግንቦት 12 ነው።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ጽሑፉን ፈተሽኩት። ለዚህ የሚሆን መፈተሻ አለ፤ የድረ ገጹን አድራሻ ስታስገቡለት የፍለጋ ሞተሩ ምን ምን እንዳነበበ ይዘረዝርላችኋል።

ስድስት አስተያየት ነበር የጻፍኩት።

መፈተሻው ሰባት አለኝ።

ደግሜ ሞከርኩ።

ሰባት።

ሰባተኛውን ከፈትኩት። ስም የሚለው ቦታ ላይ «የቤቱ ሰዎች» ይላል። የሰጡት አንድ ኮከብ ነው። ቀኑ ግርማይ ካደረበት ቀን ጋር አንድ ነው። ከስሩ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦

«በዚህ ቀን ግርማይ የሚባል ሰው እዚህ አላደረም። እኛ ነን ያደርነው።»

ከመንገድ ማዶ ያለው ተፎካካሪ ድረ ገጹን ሰብሮ ገብቷል ብዬ አሰብኩ። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። የራሴን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት።

ስድስት ናቸው። ሰባተኛው የለም።

መፈተሻውን መልሼ ከፈትኩት።

ዘጠኝ።

ስምንተኛው፦ «ክፍሉ መስኮት የለውም። ልጆቹን ሲበርዳቸው ከሰሉን ወደ ውስጥ አስገባነው።»

ዘጠነኛው፦ «ጠዋት አልነቃንም።»

ጽሑፉን በሙሉ ሰረዝኩት። አንድ መስመር ሳላስቀር አጠፋሁት።

መፈተሻው አሁንም ዘጠኝ ይላል...

ቀኑን ልብ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። 2017-09-12። ሄኒ መዝገቡን የምትሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው። እኔም ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን እንዳለ ገልብጬ ነበር። ግንቦት ዘጠነኛ ወር፣ ቀኑ 12፣ ዓመቱ 2017። የፍለጋ ሞተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ለእሱ ያ ቀን በእኛ መስከረም 2 ቀን 2010 ነው።

ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ።

ያኔ የገስት ሃውሱ ፎቅ ገና አልተሠራም ነበር።

ለኤርሳዶ ደወልኩ።

«ፎቁን ከማሠራትዎ በፊት ቦታው ላይ ምን ነበር?»



«ማነው የነገረህ?» አለ። ድምፁ ተለውጧል።

«ምን ነበር ነው የምልዎት?»

«ባዶ መሬት ነው የገዛሁት! ሰምተሃል? ጭቃ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው የገዛሁት! ሰዎቹ ሲሞቱ እኔ አገሩንም አላውቀውም ነበር!»

ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

በስልኬ የገስት ሃውሱን ስም ፈለግኩ። ለምን እንደፈለግኩ አላውቅም።

ኮከቡ ወጥቷል።

አምስት ቢጫ ኮከብ። አንድም ሳይጎድል።

ከስሩ አንድ መስመር አለ፦

«እንግዳ ተቀባይዋ ሄኒ ጥሩ ልጅ ናት። ልጆቻችን ወደዋታል። ከእኛ ጋር ትቆያለች።»

ደወልኩላት። ብዙ ጠራ።

«ሄኒ! የት ነሽ?»

«ክፍል አራት...» ድምፏ ከሩቅ ነው የሚመጣው።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?»

«ቀስ በል... እያስተኛኋቸው ነው።»

ላፕቶፔን አቅፌ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። ከቦሌ ለሚ ኩራ ድረስ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። የታክሲው ሹፌር ላይ መጮሄን ብቻ አስታውሳለሁ።

ኤርሳዶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ስልኩን እያወዛወዘ ይስቃል። ከአንድ ሰዓት በፊት እየጮኸ የዘጋብኝ ሰውዬ!

«ወጣ እኮ! አምስት ሙሉ! እጅህ ይባረክ!»

«ሄኒን ልወስዳት ነው።»

ሳቁ ጠፋ። «ሥራ ላይ ናት። የትም አትሄድም።»

«ክፍል አራት ውስጥ ምን እንዳለ ያውቁ ነበር አይደል?»

ደረቱን ገፍቼው አለፍኩ። ከኋላዬ ሰደበኝ፤ ግን አልተከተለኝም። ከመጀመሪያው ደረጃ በላይ እግሩን አላነሳም።

ክፍል አራት በሩ ገርበብ ብሏል።

ሽታው መጀመሪያ ተቀበለኝ... ከሰል ነው። ጭስ ግን የለም።

ሄኒ አልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጭንቅላቷ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። በቀኝ እጇ ባዶውን አልጋ ቸብ ቸብ ታደርጋለች፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። ላብ አጥምቋታል። ዓይኗ ሊከደን ምንም አልቀረውም።

«ሄኒዬ፣ ተነሺ።»

«ሽሽ...»

«ተነሺ አልኩሽ! እንውጣ!»

«በየት በኩል? መስኮት እንኳን የለውም እኮ።»

መስኮቱ ከፊቷ ነው። ሰፊ ነው። የከሰዓት ፀሐይ ገብቶ ፊቷ ላይ አርፏል።

ብብቷ ስር እጄን አስገብቼ ላነሳት ሞከርኩ። ሄኒ ቀጭን ልጅ ናት። አልተነቃነቀችም። ብዙ እጅ ወደ ታች የያዛት ያህል ከበደችኝ። ትንፋሿ አጠረ... ረዘመ... እንደገና አጠረ። እህቴ እዚያው እጄ ላይ ልትሞት ነው ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። አላፍርበትም።

«ልቀቋት!» ብዬ ጮህኩ፣ ባዶው አልጋ ላይ።

የመለሰችልኝ ሄኒ ናት። ዓይኗ ተከድኖ ነበር።

«መውጣት አልቻሉም» አለች። «ቀኑ አያልፍላቸውም። በዚያ ቀን የጠራሃቸው አንተ ነህ።»

ቀኑ...

ስህተቴ ቀኑ ነው። እሱን ላርመው!

መሬት ላይ ተቀምጬ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። ከስልኬ ኢንተርኔት አገናኘሁ። የሰረዝኳቸውን ስድስቱንም መለስኳቸውና ከግርማይ ጀመርኩ። 2017-09-12 የሚለውን አጥፍቼ በፈረንጁ 2025-05-20 አልኩት። ሁሉንም አንድ በአንድ ወደ ዘንድሮ አመጣኋቸው። ጣቴ ፊደሉን እየሳተ ሦስቴ ተሳሳትኩ። ሄኒ አልጋውን መምታት አቆመች። እጇ ወደቀ።

የመጨረሻውን ቀን አስገብቼ መፈተሻውን ከፈትኩ።

ስድስት።

ስድስት ብቻ! የቤቱ ሰዎች የሉም። ስህተት የለም ይላል፤ ሁሉም ትክክል ነው።

ሽታው ጠፋ። ወዲያው ነው የጠፋው።

ሄኒ ሳል ጀመራት። ሳለች፣ ሳለች፣ ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

«እዝሪ?»

«አለሁ። አለሁልሽ።»

«አመስግኚልን አሉኝ» አለች። ከዚያ ተንሰቀሰቀች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ትከሻዬ ላይ ደግፌ አወረድኳት። አሁን ቀላል ናት። ኤርሳዶ በሩ ላይ አልነበረም። ሪሴፕሽኑ ላይ ስልኩ ይጮኻል፤ ማንም አያነሳውም።

በስልኬ ራይድ ታክሲ ጠራሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዲት ነጭ መኪና መጣች። ሹፌሩ ሀሩን የሚባል ጎልማሳ ሰው ነው። ሄኒን ከኋላ አስቀመጥኳትና በሌላው በር ዞሬ አጠገቧ ገባሁ። እጇን ያዝኩት። ይሞቃል። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ እግዚአብሔርን አመስግኜ አላውቅም።

«ቤታችን ገርጂ ነው፣ ወንድሜ» አልኩት። «ቶሎ አድርሰን።»

ሞተሩ ተነስቷል። ሀሩን ግን አልነዳም።

በመስታወቱ ወደ ኋላ ያያል። ዓይኑ እኔ ላይ አይደለም፣ ሄኒም ላይ አይደለም። በእሷ በኩል ያለውን በር ነው የሚያየው። በሩ አሁንም ገርበብ ብሏል።

«ምነው?» አልኩት።

«አይ፣ ጠበብ አላችሁ ብዬ ነው» አለ በትሕትና። «እስቲ ልጆቹን ትንሽ ጠጋ አድርጓቸው... በሩ አልተዘጋም።»

ሄኒን አየኋት።

ዞር ብላ አላየችም። ቀስ ብላ ወደ እኔ ተጠጋች... ቦታ ለቀቀች።

በሩም ተዘጋ።