የሦስተኛው ምሰሶ መስታወት

በየሰኞው ብቻ ወደ ድልድዩ ሥር የሚወርደው መሐንዲስ ሐሙስ ረፋድ ምን ሊሠራ ወረደ? መርማሪዋ መልሱን ገና አላገኘችም። ያየችው፣ ሰውየው ከሦስተኛው ምሰሶ ግርጌ፣ ከላይ የተጣለ ቆሻሻ በሚከረፋበት ጭቃ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ማጅራቱ ተፈርክሶ ነው። ጭብጡን ስትፈለቅቀው የመስታወት ስባሪ ወጣ፤ ከስድስት ወር በፊት የነበረ ቀን ተጽፎበታል።

«አይ ስንጥቁ!» አለ ሽማግሌው ዘበኛ። «መሐንዲሱን እንደዚያ ነበር የምንጠራው። ወሬው ሁሉ ስንጥቅ! እዚያ ምሰሶው ላይ መስታወት ይለጥፋል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ልጄ።»

ምሰሶው ላይ ያለው መስታወት ድፍን ነው። የተጻፈበትም ቀን ያው ነው። ሙጫው ግን ገና ስላልደረቀ ጣቷ ላይ ተጣበቀ።

የድልድዩ ኃላፊ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ አስረዳት።

«መስታወቱ የሚለጠፈው የምሰሶውን ስንጥቅ አቋርጦ ነው፤ ስንጥቁ ከሰፋ ይሰበራል። ድፍን ነው፤ ስለዚህ ድልድያችን ደኅና ነው። ይኼን እዚህ ከእኔና ከሟቹ በቀር የሚያውቅ የለም፣ እህቴ።»

ቅዳሜ ለሚመረቀው ቴምብር ድልድዩን የሳለው ሠዓሊ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ።

«ስንጥቁን ስዬው ነበር። ኃላፊው አጥፋው አለኝ፤ አጠፋሁት። ትናንት ለመሐንዲሱ ብነግረው ‹ነገ ወርጄ አየዋለሁ› አለ።»

«አጥፋ ሲሉዎት ዝም አሉ?»

«ቴምብር ላይ ስሜ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው…»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ምሰሶው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ስባሪው የድሮው መስታወት ነው። አንድ ሰው አዲስ ለጥፎ የድሮውን ቀን ጻፈበት። ዘበኛው ወይም ሠዓሊው ቢሆኑ፣ እንዳዩት ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ያጣብቁት ነበር። ይኼ ግን የተጣበቀው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ስንጥቁ የቱንም ያህል ቢሰፋ አይሰበርም። እንዲህ የሚያደርገው የመስታወቱን ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። » ወደ ኃላፊው ዞረች። «አውራ ጣትዎ ላይ የደረቀው ምንድን ነው፣ ጌታዬ?»

«የጥሪ ፖስታ ላይ ቴምብር ስለጥፍ…»

«ቴምብር ሙጫው ከጀርባው ነው፤ ምራቅ ይበቃዋል። መሐንዲሱ የደረሰው እርስዎ ሲለጥፉ ነው።»

ኃላፊው መሐረቡን ጣለ።

«ሁለት ቀን ታገሠኝ አልኩት! እስኪመረቅ ብቻ! ጀርባውን ሰጥቶኝ ‹ድልድዩን ዛሬውኑ አዘጋዋለሁ› እያለ ሲሄድ…»

ዘበኛው እንትፍ አለ። ኃላፊው እጁ በካቴና ሲታሰር፣ ጫማውን ከጭቃው እያሸሸ፣ «ምረቃው ግን አይቀርም፣ አይደል?» ብሎ ጠየቀ።

በላያቸው አውቶቡስ ሲያልፍ ከስንጥቁ አሸዋ ረገፈ። ድልድይ የሚያዘጋው ከድልድዩ ኃላፊ በላይ ያሉት የመንገዶች አለቃ ፊርማ ብቻ ነው። መርማሪዋ ስልኳን አውጥታ ለአለቃው ጻፈችላቸው፦ «የሦስተኛው ምሰሶ ስንጥቅ እየሰፋ ነው። መሐንዲሱ የሞተው ይህን ሊናገር ሲል ነው። እባክዎ ድልድዩን ዛሬውኑ ያዘጉት።»

መልእክቱ ደረሰ፤ ተነበበም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ የእንግዶች ወንበር የጫነው መኪና ድልድዩ ላይ ሲወጣ፣ ስልኳን እንደገና አየች። ምንም መልስ የለም።