ቅቤው ላይ ያለ ጣት

ተረት ነው የሚል ካለ እዚሁ ላይ ያቁም። እኔ በዓይኔ ያየሁትን፣ በእጄ የነካሁትን ነው የምነግራችሁ። አርጅቻለሁ፤ ዋሽቼ የማተርፈው ነገር የለም።

ሰኔ 1852። የፕላት ወንዝ ዳር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት... ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ስሜ ሎቪና፤ ቤት ውስጥ ቪና ይሉኛል። ሃያ ሦስት ሸራ የለበሱ ጋሪዎች ሆነን አዲስ መሬት ፍለጋ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦሪገን እየተጓዝን ነው። የእኛ ጋሪ ላይ አባዬ አለ፣ የስምንት ወር እርጉዝ የሆነችው እማዬ አለች፣ እኔ አለሁ...

እና የአምስት ዓመቱ ወንድሜ ጁድ።

ጁድ ቅቤ ይወዳል። ይወዳል ስላችሁ ዝም ብሎ መውደድ አይደለም! ጠዋት የታለበውን ወተት መናጫ ውስጥ ጨምረን ከጋሪው ኋላ እናንጠለጥለዋለን። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይውልና ማታ ስንሰፍር ቅቤ ሆኖ ይገኛል። ክዳኑ እንደተከፈተ ከማንኪያ ቀድሞ የሚገባው የጁድ ጣት ነው። ድሮ በር ጨፍልቆት ጫፉ ወደ ጎን የተንጋደደ ጣት።

«አንተ ሌባ! እቆርጠዋለሁ ዛሬ!» ትለዋለች እማዬ እየሳቀች።

እሱ እየላሰ ይሮጣል።

ያን ቀን ጠዋት ኮሌራ ያዘው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ጸጥ አለ።

የጉዞው አለቃ ሚስተር ፕራት ኮፍያውን አውልቆ መጣ።

«ኤዝራ፣ እግዜር ያጽናህ» አለው አባዬን። «ግማሽ ሰዓት ነው ያለን።»

«ሕፃን ነው እኮ... ትንሽ እንኳ እንቆይ።»

«ትንፋሽ ካለው እናንተ ቆዩ። እኛ ግን እንሄዳለን። በረዶው ተራራው ላይ ከያዘን ሁላችንም አለቅን።»

እናንተ ቆዩ... ብቻችንን። እርጉዝ እናት፣ ኮሌራ፣ ማለቂያ የሌለው ሣር።

እማዬ ራሷን ስታ ጋሪው ውስጥ ተኝታለች። አባዬ ጉድጓድ ሲቆፍር ጁድን በብርድ ልብስ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። እጆቹን ደረቱ ላይ አጣመርኳቸው።

ያኔ...

ያ የተንጋደደ ጣት፣ ጣቴን ያዝ አደረገኝ።

በስሱ። አንዴ ብቻ።

«ቪና! ጨረስሽ?» አለኝ አባዬ ከጉድጓዱ ውስጥ።

ሣሩን አየሁት። ሊሄዱ የተሰለፉትን ጋሪዎች አየሁ።

«ጨርሻለሁ» አልኩ።

ብርድ ልብሱን በገመድ አሰርኩት። ሦስት ቋጠሮ።

የቀበርነው መንገዱ መሃል ላይ ነው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ተኩላ አሽትቶ እንዳያወጣው ጋሪዎቹ በላዩ ያልፋሉ። መስቀል የለ፣ ድንጋይ የለ። ለምልክት ያለችው መብረቅ የመታት አንዲት ዛፍ ብቻ ናት። ሃያ ሦስቱም አለፉበት። የእኛ የመጨረሻው ነበር። ጎማው እዚያ ሲደርስ ትንሽ ዝቅ አለ... ከዚያ ቀና አለ።

ማታ ስንሰፍር ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። መናጫውን አወረድኩ። ጠዋት ክዳኑን በጠፍር ጥብቅ አድርጌ ያሰርኩት እኔው ነኝ፤ አሁንም እንደታሰረ ነው። ፈታሁት።

ቅቤው ላይ የጣት ጉድጓድ አለ።

ትንሽዬ። ጫፉ ወደ ጎን የተንጋደደ።

ጠዋት ነው፣ ሳይታመም በፊት ነው፣ አልኩ ለራሴ። ግን ጠዋት እኮ... ወተት ነበር።

በማንኪያ ደልድዬ አጠፋሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ጠፍሩን ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። ማታ ስፈታው ጉድጓዱ አለ። ጠለቅ ብሏል። ውስጡ አፈር አለው።

ዞር ስል እማዬ ከኋላዬ ቆማለች።

አየችው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ፈገግ ነው ያለችው... ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው።

«ርቦታል» አለች በሹክሹክታ።

«እማዬ...»

«ስትጠቀልይው ቀዝቅዞ ነበር አይደል?»

ጉድጓዱን ልደለድል ማንኪያ አነሳሁ።

«ቪና! ቀዝቅዞ ነበር አይደል?»

«ጣቴን... ያዘኝ። አንዴ ብቻ።»

ምነው በመታችኝ! በጥፊ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። ክዳኑን መልሳ ከደነችና ሄዳ ተኛች።

ጠዋት ስንነሳ እማዬ የለችም። ከጋሪያችን ኋላ ታስራ የነበረችው በቅሎም የለችም።

አባዬ የፕራትን ፈረስ ለምኖ አካፋውን ኮርቻው ላይ አሰረ፤ እኔን ከኋላው አስቀመጠኝና በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ፈረሱ ላይ ሁሉንም ነገርኩት። ጀርባው ድርቅ አለ፤ ፈረሱን በተረከዙ መታው።

ዛፏ ጋ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል።

እማዬ መንገዱ መሃል ጆሮዋን መሬት ላይ ለጥፋ ተኝታለች። ጥፍሮቿ ደምተዋል። መሬቱ ግን በስንት ጋሪ ተረግጦ ደርቋል፤ ጫር ጫር ከማድረግ በቀር አልሆነላትም።

«ተነሺ በፈጠረሽ» አላት አባዬ። «ሞቷል እኮ። ለሆድሽ እዘኚለት።»

«ቆፍር።»

«ተይ እባክሽ...»

«ቆፍር ኤዝራ! ካላየሁት ንቅንቅ አልልም።»

ቆፈረ።

ብርድ ልብሱ ወጣ። ገመዱ እንደታሰረ ነው። ሦስቱም ቋጠሮዎች የእኔ ናቸው፤ ማንም አልነካቸውም። አባዬ በቢላዋ ቆረጣቸው።

እጆቹን ደረቱ ላይ ነበር ያጣመርኳቸው። አንዱ እዚያው ነው።

ሌላኛው... አፉ ውስጥ ነው።

እማዬ ጣቱን ቀስ አድርጋ አወጣችው። እስከ አንጓው ድረስ ቅቤ ነው። ቢጫ፣ የዕለት ቅቤ። በዚያ ፀሐይ አልቀለጠም።

አባዬ አካፋውን ጥሎ ወደ ኋላ ሸሸ። እማዬ ግን አልደነገጠችም። ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«ነይ» አለችኝ። «አንቺ ነሽ የምታውቂው። ያዢውና ንገሪኝ... ቀዝቅዟል?»

ተንበረከክኩ። እጄን ዘረጋሁ። ያን የተንጋደደ ጣት ያዝኩት።

ሙቅ ነበር።