የኢታና ቮልስ ጠብታ

ኢታና ጥሩ ሰው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የሚሠራውን ስታዩ ከጥንቱም ክፉ ሰው ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ ነው። ከወለጋ መጥቶ ጉለሌ፣ ከዊንጌት ትምህርት ቤት በላይ ቤት ከሠራ ብዙ ዓመቱ ነው። በአንድ ሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ይሠራል፣ ሚስቱን ዓለምነሽን ያከብራል፣ የጎረቤት ልቅሶ አያመልጠውም። አንድ በሽታ ብቻ ነበረበት፤ ሰው አያምንም። ሥጋ ሲገዛ ዓይኑ ከሚዛኑ አይነቀልም፤ ወተት ሲያመጡለት ውኃ ገብቶበታል ብሎ ያሸታል። ከሰው ሁሉ የባሰ የማያምነው ግን መካኒክን ነበር።

አንዲት አሮጌ ሰማያዊ ቮልስ አለችው። ራሱ አይነካትም፤ «ሞተር የመካኒክ ነው» ይላል። መካኒክ ዘንድ ሲወስዳት ደግሞ ዕቃ ይለውጥብኛል ብሎ ከአጠገቡ አይለይም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስብሐት የሚባል ባለጋራዥ ዘይት እየለወጠላት ሳለ፣ ከዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ሥር የምትገባውን ትንሽ የመዳብ ቀለበት አውጥቶ፣ «ይቺ አልቃለች፣ አዲስ እናድርግላት» አለው። ነገሩ ለኢታና አልዋጥለት አለ። ደህናዋን አውጥቶ ለሌላ ሊሸጥ ነው ብሎ፣ «አሮጌዋን መልስና ዝጋው» አለ። ስብሐትም ተናዶ እንደ ነገሩ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ቮልሷ ዘይት አልበረክትላት አለ።

«አንድ ቀን ኮፈኑን ከፍተህ ብታያት ምን አለበት?» ትለዋለች ዓለምነሽ። «ይኼ ሁሉ ዘይት የት ነው የሚገባው?»

«የትም አይገባም። የማደያው ልጅ ነው ጎደለ እያለ የሚሸጥልኝ።»

ሌባው ማደያ ያለው ልጅ ሆነና ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ዘይት ሲጎድል ማስሞላት ነው፤ የተሞላው ወዴት እንደሚሄድ ኢታና ጎንበስ ብሎ አይቶ አያውቅም።

ጊዜው ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነበር። እነኢታና የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ከታሸገ ቆይቷል። ምእመናኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ አንድ እያሉ፣ በየተራ በሰው ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ። ጥንቃቄያቸው ለጉድ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ በዘንቢል ውስጥ ጎመን ተደርቦበት ይመጣል። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዳቦና ሻማ ይቀመጣል፤ ድንገት ሰው ቢገባ የልጅ ልደት ነው ለማለት። የኢታና ድርሻ ጉልበታቸው አልታዘዝ ያላቸውን እማማ ብርቅነሽን በመኪና ማምጣት ነበር። ቮልሷ ግቢ ድረስ ትገባና የግቢው በር ይዘጋል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው መኪና አያይም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን አልያዘላቸውም። ዊንጌት ጀርባ፣ ከምእመናኑ አንዷ በሆነችው በአጸደ ቤት ጸልየው በተበተኑ በሰዓቱ አብዮት ጥበቃዎች ገብተው ጓዳ ጎድጓዳውን በረበሩ። ምንም ስላላገኙ አጸደን አስፈራርተው ሄዱ። ማኅበሩም ደንግጦ ቦታ ቀየረ፤ ከቁስቋም በታች ወዳለ ቤት ሄደ።

ኢታና እንቅልፍ አጣ። ከመካከላችን አንዱ ይናገራል ብሎ እያንዳንዱን በልቡ ሚዛን ላይ ማውጣት ጀመረ። ሁሉም የቆዩ ሰዎች ናቸው። አዲስ የመጣው በድሉ ብቻ ነው፤ ከጋሞ የመጣ፣ ሽሮ ሜዳ ከሸማኔዎች ማኅበር ጋር የሚሠራ ዝምተኛ ወጣት። ሰኞ ዕለት ደግሞ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲወጣ ኢታና በዓይኑ አይቶታል።

ቁስቋም ሥር በጸለዩበት ቅዳሜ ኢታና ቀድሞ ወደ ግቢው ቢወጣ፣ በድሉ ከቮልሷ ኋላ ቁጢጥ ብሎ ከሥሯ ሲያይ አገኘው።

«እዚያ ምን ትፈልጋለህ?» አለው።

በድሉ ብድግ አለ። «ጋሼ ኢታና፣ ይቺ መኪና ዘይት የምታፈስ መሰለኝ። መሬቱን አዩት?»

ኢታና መሬቱን አላየም። ያየው የበድሉን ፊት ነው። የእሱ መኪና ሥር ሸማኔን ምን ዶለው? ሰሌዳዋን ሊይዝ ነው እንጂ! «ለመኪናዬ እኔ አለሁላት» ብሎ በሩን ከፈተና እማማ ብርቅነሽን ይዞ ሄደ። በማግስቱ ጥበቃዎች መጥተው የዚያን ቤት ባለቤት፣ «ትናንት እዚህ ምን ነበር?» ብለው አፋጠጡት። ኢታና ይህን ሲሰማ ጥርጣሬው እውነት ሆኖ ቁጭ አለለት።

«ለምን አትጠይቀውም?» አለችው ዓለምነሽ ማታ ራት ላይ። «ቀበሌ የሄደው ለድርና ማግ ይሆናል። ማኅበራቸው ክሩን በቀበሌ በኩል ነው የሚያገኘው ይባላል።»

«ሰላይ ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል?»

«ሰላይ ካልሆነስ?»

«ከሆነስ? አጸደ ብትታሰር ልጆቿን አንቺ ታሳድጊያቸዋለሽ?»

ዓለምነሽ የተስማማች አልመሰለችም። ኢታና ለሌሎቹ ጥርጣሬውን ሹክ አላቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወሬ ማስረጃ አይጠየቅበትም፤ ሁሉም ፈርቶ ነበርና ሁሉም አመነ። ከዚያ ኢታና ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄዶ በድሉን፣ «ለጊዜው አቋርጠናል፣ አትድከም» አለው። የበድሉ ፊት ጠወለገ።

«እንግዲህ ጌታ ያውቃል» አለ። «እርስዎም ይጠንቀቁ፣ ጋሼ።»

ኢታና ይህንንም እንደ ዛቻ ቆጠረው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በድሉ በማያውቀው ቤት፣ እንጦጦ ግርጌ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት አካባቢ ተሰበሰቡ። ሰላዩ ተወግዷልና የሁሉም ትከሻ ቀለል ብሎት ነበር፤ መዝሙሩም ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ አለ። ሁለተኛውን መዝሙር ሳይጨርሱ በሩ በእርግጫ ተከፈተ። ዳቦውንም ሻማውንም ያየ የለም። እማማ ብርቅነሽ ሳይቀሩ ሁሉም በእግራቸው ወደ ቀበሌ ተነዱ፤ ቮልሷን አንድ ጥበቃ እየነዳ ተከተላቸው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ይርጋለም ኢታናን ለብቻው አስጠራው። «አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነህ ከእነዚህ ጋር ትደበቃለህ?» አለው።

ኢታና ፍርሃቱም ንዴቱም ተደባልቀውበት ነበር። በድሉ የማያውቀው ቤት እንደነበር እንኳ በዚያች ሰዓት ከሐሳቡ ወጥቷል። «ለእናንተ የነገራችሁን አውቀዋለሁ» አለ። «ሸማኔው በድሉ ነው። እየጸለየ ያወራብን የነበረው እሱ ነው።»

ይርጋለም በር ላይ የቆመውን ጥበቃ አየው። ጥበቃው ትከሻውን ነቀነቀ።

«በድሉ የሚባል ሰው አላውቅም» አለ ይርጋለም። ቀስ ብሎ እስክሪብቶውን አነሣ። «አብሯችሁ ይጸልይ ነበር አልከኝ? የት ነው የሚሠራው?»

ኢታና ክው አለ። «እ... ማለቴ... ተሳስቼ ነው። ሌላ ሰው ነው።»

«ሸማኔ ነው ብለሃል። ሽሮ ሜዳ አንድ በድሉ አናጣም።» ጻፈና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ኢታናን ወደ መስኮቱ ወሰደው። ቮልሷ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ ከሥሯ ጥቁር ዘይት አፈሩን አርሶታል።

«ማን እንደነገረን ልንገርህ?» አለ። «ቤት ለቤት ስንፈትሽ ዊንጌት ጀርባ ያለችው ሴትዮ ግቢ ውስጥ ይኼንኑ የመሰለ ጥቁር ነገር አየን። ቁስቋም ሥር ያለው ግቢም ውስጥ አየን። በዚህ ሰፈር የግል መኪና ያለው ስንት ሰው ነው? ዛሬ ልጆቹን፣ መንገድ መንገዱን ብቻ እያያችሁ ሂዱ አልኳቸው። ጠብታው እየመራ ዳገቱን አወጣቸውና በአንዱ ግቢ በር ሥር ገባ። ለእኛ የነገረን ሰው የለም።»

ኢታና የፈራው ሁሉ ደርሷል፣ ግን ያደረሰው ሌላ ሰው አልነበረም፤ እሱው ራሱ በየበሩ ዘይት እያንጠባጠበ ነው ያደረሰው። ከዚያም ብሶ፣ በዚያ ማኅበር ውስጥ የወንድሙን ስም ለቀበሌ የሰጠ አንድ ሰው ተገኝቶ ነበር፤ እሱም ኢታና ነው። ለበድሉ ምንም ጥፋት የለበትም ብሎ ቢለምን ይርጋለም ጆሮ አልሰጠውም።

እማማ ብርቅነሽን ለዕድሜያቸው ብለው በበነጋው ለቀቋቸው። ሌሎቹ ዳግመኛ ላይሰበሰቡ ፈርመው ወጡ፤ ኢታናም የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ዋስ ሆኖት ወጣ። በድሉን ግን የዚያኑ ዕለት አመሻሹ ላይ ከሸማ ጉድጓዱ አውጥተው አመጡት። ዋስ የሚሆነው አለቃ አልነበረውም። አብረውህ የሚጸልዩትን ስም ቁጠር ቢሉት እምቢ ስላለ ፋሲካ እስኪያልፍ እዚያው ቆየ፤ የሸማኔዎቹ ማኅበርም ከአባልነት ሰረዘው።

ኢታና ለዓለምነሽ ሁሉንም ነገራት። ነግሬህ አልነበረም አላለችውም። «በድሉን እስኪፈቱት ለደሳለች ስንቅ እኔ አደርስላታለሁ» አለች፤ ደሳለች የበድሉ ሚስት ናት። «አንተ ደግሞ መኪናዋን ሳታሠራ ከግቢ እንዳታወጣት።»

ስብሐት ጋራዥ ሄዶ የመዳብ ቀለበቷን ሲጠይቅ ባለጋራዡ አሾፈበት። «አሮጌዋን መልስ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

ስብሐት ይህን ሲሰማ ለዘብ አለ። «ይኼ እኮ የእኔን እጅ የሚፈልግ ሥራ አይደለም። ለጥ ያለ ቦታ አቁማት፣ ማርሽ ውስጥ አስገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ ሞተሩን አጥፋ። ዘይቱ ለብ ሲል ሳፋ ከሥሯ አድርግና ቡሎኑን ፍታው። ቮልስ ስለሆነች እጅህ ከኋላ ይደርሳል፣ ክሪክ አያስፈልግህም። በክሪክ በተነሣ መኪና ሥር መቼም እንዳትገባ። ቀለበቷን አድርግ፣ ቡሎኑን አጥብቅ፣ ግን አትታገለው፣ ጥርሱ ይበላል። ከዚያ አዲስ ዘይት ሙላባት። ፍሬንና መሪ ሲሆን ለእኔ ተውልኝ።»

ኢታና ቤቱ ደጅ ላይ እንደተባለው አደረገ። እጁ ጠቆረ፣ ሸሚዙ ተበላሸ፤ ሥራው ግን ዓለምነሽ ምሳ ሳታቀርብ አለቀ። ማታ ከሥሯ ካርቶን አነጠፈ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነበር። ኢታና ካርቶኑን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ፤ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ነው ያስለቀሰው።

መኪና ያላችሁ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። ጠዋት መኪናችሁን ሳታስነሡ ያደረችበትን መሬት እዩ። ሞተሩ ሳይነሣ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ምዘዙ፣ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ከትታችሁ እንደገና ምዘዙ፤ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይሁን። በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ያላችሁ ውኃውንም እዩ፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን ግን አትንኩ። ይህ ሙያ አይጠይቅም። ዘይት የሚጎድለው የሚወጣበት ስላለ ነው፤ ሌባ ከመፈለጋችሁ በፊት እሱን ፈልጉ።

በድሉ የተፈታ ሰሞን ኢታና ሽሮ ሜዳ ሄደ። በድሉ በባዶው መሸመኛ አጠገብ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ ክር የሚሰጠው አላገኘም። ከስቶ ልብሱ ሰፍቶታል። ኢታናን ሲያይ ግን ፊቱ በራ፤ ብድግ ብሎ በርጩማ አቀረበለት።

«ጌታ ይባርክዎ፣ ጋሼ። ዓለምነሽ አንድ ቀን ስንቅ አላጓደለችብንም» አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰግተው ከሆነ አይስጉ። ቢጠይቁኝም የእርስዎን ስም አላነሣሁም። የማንንም አላነሣሁም።»

ኢታና በርጩማው ላይ መቀመጥ አልቻለም። «በድሉ፣ ስምህን ለቀበሌ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ።

ኢታና ምንም አልደበቀም፤ ጥርጣሬውን፣ አቋርጠናል ብሎ መዋሸቱን፣ ይርጋለም ፊት ያለውን፣ የዘይቱን ነገር ተናገረ። «አንተ እዩት ብለኸኝ ነበር። እኔ አላየሁም። ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም።»

ደሳለች ጓዳ በር ላይ ቆማ ሰምታለች።

«እዚያ ውስጥ ሆኜ፣» አለ በድሉ፣ «ማን ሰጠኝ እያልኩ ስንቱን ጠረጠርኩ። የሸማኔ ማኅበሩን ሰብሳቢ ጠረጠርኩ። ጎረቤቴን ጠረጠርኩ። አንድ ሌሊት ይቺን ደሳለችን እንኳ ጠርጥሬ እስኪነጋ ራሴን ስረግም አደርኩ። እርስዎን ግን አንድ ቀን አልጠረጠርኩም።»

አንባቢዬ ሆይ፣ የሚያስፈራህ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የራስህን ደጅ እይ። ሰው ከጠረጠርክም ለሌላው ከመንገርህ በፊት ሄደህ እሱን ጠይቀው። ኢታና ሁለቱንም ማድረግ ይችል ነበር። ሳያደርግ ቀረና ዋጋውን የከፈለው በድሉ ነው።