የሰዓዳ ጣዎስ

እኔ እንኳ ጂን፣ መንፈስ፣ ምናምን ሲባል የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ወልድያ ላይ ቤት ስቀባ ነው ያረጀሁት፣ ግድግዳ ደግሞ ያው ግድግዳ ነው። ይህን ግን በገዛ ዓይኔ ነው ያየሁት፣ ብታምነኝም ባታምነኝም።

መርሳ ላይ ሰዓዳ የምትባል ልጅ ልትዳር ነበርና ለሙሽራ ክፍሏ ጣዎስ እንድስልላት ጠራችኝ፣ ጣዎስ የሚሉትን ወፍ በአካል እንኳ አይቼ አላውቅም፣ ከስልኳ ላይ እያየሁ ነው የሳልኩት። እናቷ እትዬ ዘሃራ «ነፍስ ያለው ነገር የተሳለበት ቤት መላኢካ አይገባም!» ብለው ክፉኛ ተቆጧት፣ እሷም እንባዋን ዋጥ አድርጋ «እሺ እማ፣ ጅራቱን አጥፎ ይቀመጥ፣ ያኔ ዶሮ ነው የሚመስለው» አለቻቸው። አጥፌ ሳልኩት፣ ጅራቱ እንደ ሙሽራ ቬሎ ከኋላው ተጎትቶ።

ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰዓዳ ሦስት ቀን ታማ ሞተች።

ከወራት በኋላ አባቷ ደወሉልኝ፣ «ያን ክፍል ከፍተን ማየት አቃተን፣ ሥዕሉን በነጭ ቀለም አጥፋልን» አሉኝ። ቀትር ላይ ደረስኩ፣ እትዬ ዘሃራ ከቀብሯ ቀን ጀምሮ የተቆለፈውን በር ከፈቱልኝና እሳቸው ደጅ ቀሩ። ወደ ግድግዳው ሳላይ ጎንበስ ብዬ ቀለሜን ስበጠብጥ ሽ...ሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ሐር ቀሚስ የለበሰች ሴት ዞር ስትል እንደሚሰማው ዓይነት። መጋረጃው ነው አልኩ፣ መጋረጃ የለም፣ መስኮቱም ዝግ ነው። ደግሞ ሰማሁት፣ አሁን ከጀርባዬ። ዞር ስል፣ እመነኝ ወንድሜ፣ ጣዎሱ ጅራቱን ዘርግቶታል፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ፣ ዓይን የሚመስሉት የላባው ክቦች ግድግዳውን ሞልተውታል። የእጄን አጣጣል አውቃለሁ፣ እኔ አይደለሁም የሳልኩት። በጣቴ ነካ ባደርገው ሰማያዊው ጣቴ ላይ ቀረ፣ እርጥብ ነው።

«እትዬ ዘሃራ!» ብዬ ጮኽኩ። ገቡ፣ አዩት፣ አልደነገጡም። ግድግዳው ሥር ተቀመጡና መዳፋቸውን ላባው ላይ አሳርፈው «ለአንድ ወፍ ብዬ አስከፋሁሽ እኮ ልጄ፣ የመጨረሻሽ መሆኑን መች አወቅሁ» እያሉ አለቀሱ፣ እኔም ብሩሼን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

«ላጥፋው ወይስ ይቅር?» አልኳቸው።

«ተወው ልጄ፣ አላህ ይስጥህ። በሩን መለስ አድርገህ ሂድ።»

መለስኩት። ጫማዬን ሳስር ከውስጥ ሲያወሩ እሰማቸዋለሁ፣ «ብርዱ እንዴት ነው?» ይላሉ፣ ከዚያ ዝም፣ መልስ የሚያዳምጥ ሰው ዝም እንደሚለው፣ ሌላ ድምፅ ግን እኔ አልሰማሁም። ቆይተው «እሺ ልጄ፣ እመጣለሁ» አሉ። ቀለሜን እዚያው ትቼ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ።

ከዚያ ወዲህ አባትየው ሁለት ጊዜ ደውለውልኛል። አላነሳሁም፣ ምን ሊነግሩኝ እንደሆነ መስማት ፈርቼ።