ጀርባውን የሰጠው ሰውዬ

አላምንም የሚል ካለ መጥቶ ሥዕሉን ይይ። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

ቀኑ የሐምሌ ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፤ ደወሉ ተደውሎ፣ መንደሩ በፀሐዩ በሩን ዘግቶ የሚተኛበት። ቦታው እኔ የምጠርገው ቤተ ክርስቲያን።

በደሉ ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው...

ያኔ አባ ኦዶሪኮ የሚባሉ ቄስ ከኡዲኔ ከተማ መጡ። ማንም ያላስታወሳቸውን የአገራችንን የፍሪዩሊን ሠዓሊዎች ታሪክ እጽፋለሁ አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ የበቆሎ ገንፏችንን በሉ፤ ለበዓል ያስቀመጥነው ቋሊማ እንኳ አልቀረም። አባቴ ዞርዚ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ያለውን የቅድስት ሉቺያን ትልቅ ሥዕል እንዴት እንደሠራ ነገራቸው። ሙጫውን የቀቀልኩት፣ ቀለሙን የፈጨሁት እኔ ነኝ።

በኋላ የጻፉት ተነበበልን። ሥዕሉን የሣለው አንድ የቬኒስ ሰው ነው ብለዋል። ለአባቴ የደረሰው ይሄ ነው፦

«ዞርዚ የሚባል የጋሪ ቀቢ ነበር። ሌላ ሥራው አይታወቅም።»

አባቴ ይህን ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እንደዞረ ሞተ።

በእኛ ዘንድ ሠዓሊ ስሙን አይጽፍም። ከሕዝቡ መሃል፣ ጥግ ላይ፣ የራሱን ፊት ይሥላል። ሁሉም ቅድስቲቱን ሲያዩ እሱ ብቻ ወደ እኛ ያያል። አባቴም እዚያ ነበር።

በቀብሩ ማግስት ስጠርግ ቀና አልኩ።

ዓይኑ ወደ እኔ አልነበረም።

በዓመቱ ይበልጥ ዞሮ ጉንጩ ብቻ ቀረ... ከዚያ ጆሮው... ከዚያ ማጅራቱ።

ለማንም አልተናገርኩም። ሌላ ሠዓሊ ጠርተው ያስቀቡታል ብዬ ፈራሁ።

በዚያ ማክሰኞ አባ ኦዶሪኮ ተመለሱ። መጽሐፉ ሊታተም ስለሆነ ሥዕሎቹን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያዩ ነው። አርጅተዋል። የግራ ጫማቸው ዘለበቱ ወልቋል።

«አባ፣ ሳይታተም የአባቴን ስም ያስተካክሉ።»

«አንቺ አሁንም አለሽ?»

«አለሁ። የበሉትንም ገንፎ አልረሳሁም።»

«ሴትዮ፣ በሙጫ ቀቃይ ቃል ታሪክ አይጻፍም።»

«እስቲ ጥግ ላይ ያለውን ይዩት።»

ተጠጉ። ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ጀርባውን የሰጠ ሰውዬ ነው። ምን አለው?»

ብዕራቸውንና መጽሐፉ የተጻፈበትን መዝገብ እንደያዙ ትቻቸው ወጣሁ። በሩን ከውጭ ቆለፍኩት። ስሙን ሲጽፉ ይጥሩኝ አልኳቸው በቁልፉ ቀዳዳ።

መጀመሪያ ሰደቡኝ። ቀጥለው ሳቁብኝ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ...

«ኦርሶላ... እዚህ ከእኔ ሌላ ማን አለ?»

«ማንም።»

«ጥግ ላይ ያለው... እየዞረ ነው።»

ቁልፉን አዞርኩ።

ስከፍት ትኩስ የተልባ ዘይት ሸተተኝ። እዚያ ቤት ቀለም ከተነካ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል።

ማንም የለም። ሌላ በርም የለውም። መዝገቡ የአባቴ ገጽ ላይ ተከፍቶ ወለሉ ላይ ወድቋል። አንድ ፊደል አልተለወጠም።

ቀና አልኩ።

አባቴ ወደ እኔ ያያል። ዓይኑም፣ ጉንጩም እንደ ድሮው።

ከጎኑ ጥቁር የለበሰ ሽማግሌ ቆሟል። እሱም ወደ እኔ ያያል። አፉን ከፍቷል። የግራ ጫማው ዘለበት የለውም።

ከመዝገቡ አጠገብ የወደቀው ብዕር ቀለሙ ገና አልደረቀም። ፊደል የለየሁት በመከራ ነው፤ ቢሆንም ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የቄሱን ጽሑፍ ሰርዤ ሥዕሉን በአባቴ ስም ጻፍኩ። ከሥሩም...

«ኦዶሪኮ የሚባል ገንፎ በሊታ ቄስ ነበር። ሌላ ሥራው አይታወቅም።»

ቀና ስል ሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቶኛል።