የዘጠነኛዋ ጥንቸል ገጽ

ከምሳ የተመለሱት ሠራተኞች ፕሮፌሰሩን መለኪያ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፉ ሞተው አገኟቸው። አንገታቸው ላይ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ አለች። የቤተ ሙከራው ጥንቸሎች የሚደነዝዙበት መድኃኒት ብልቃጥ ባዶውን ቆሟል። የመታገል ምልክት የለም።

ባልደረቦቹ «ወንፊቱ» የሚሉት መርማሪ ከአስከሬኑ ይልቅ የምርምር መዝገቡ ላይ ቆየ። ፕሮፌሰሩ ገና ባላደጉ ጥንቸሎች ራስ ቅል ላይ ስስ ብረት በብሎን እያሰሩ የአጥንቱን ዕድገት ይለኩ ነበር። ከመዝገቡ የዘጠነኛዋ ጥንቸል ገጽ ተቆርጧል።

የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው። ሚስታቸው ባሏ ጠላት እንዳልነበራቸው ተናገረች። ረዳታቸው ሐኪም ጥናቱ ያለ እሳቸው ከንቱ እንደሚሆን አስረዳ። የጥንቸሎቹ ተንከባካቢ ደግሞ ፕሮፌሰሩ ባለውለታዋ እንደሆኑ ገለጸች፤ ልጇ በዓመቷ ከደረጃ ወድቃ ግንባሯ ሲሰበር በቀዶ ሕክምና ብረት አስረው የጠገኗት እሳቸው ናቸው።

ወንፊቱ ጥንቸሎቹን አንድ በአንድ አያቸው። የሁሉም አፍንጫ ብረቱ ወዳለበት ጎን ተጣሟል። የዘጠነኛዋ ብቻ ቀጥ ያለ ነው። ረዳቱን ሲጠይቀው፣ ብረቱ አጥንቱ እንዳያድግ እንደሚይዝ፣ የእሷ ግን ላልቶ በሦስተኛው ሳምንት ስለወጣ አጥንቷ እንደተስተካከለ ነገረው።

«ፕሮፌሰሩ ይህን ካወቁ ስንት ጊዜ ሆናቸው?»

«ሁለት ዓመት» አለ ረዳቱ ወለሉን እያየ። «ለማንም እንዳላወራ አዘዙኝ።»

አመሻሹ ላይ ሦስቱን እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው።

«ውጤቱን ሊደብቅ የፈለገ ሰው መዝገቡን በሙሉ ያጠፋ ነበር» አለ። «ይህ ሰው ግን አንድ ገጽ በምላጭ፣ ጠርዙን እንኳ ሳያበላሽ ቆርጦ ወሰደ። ሊያስቀምጠው ፈልጓል። ሚስትየው ለባሏ ስም፣ ረዳቱም ለራሱ ስም ሲሉ ቢያቃጥሉት እንጂ አያስቀምጡትም።» ወደ ተንከባካቢዋ ዞረ። «ቁምሳጥንዎ ላይ የልጅዎ አምስት ፎቶዎች አሉ። ሁሉም በቀኝ ጎኗ የተነሡ ናቸው። ብረቱ ያለው በግራ ነው አይደል?»

ሴትዮዋ አልካደችም። ከጉያዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«በየዓመቱ ይዣት እመጣ ነበር። ‹ስታድግ ይስተካከላል፣ አይዞሽ› ይለኛል። ዛሬ ጥንቸሎቹን ላደነዝዝ መርፌውን ሞልቼ ስቆም ገጹ ተገልጦ አየሁት። ብረቱን ያውጣላት ብዬ ለመንኩት። ‹አሁን ካወጣሁት አጥፍቻለሁ ማለቴ ነው› አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ መለካቱን ቀጠለ።»

ወንፊቱ ካቴናውን ሲያጠልቅላት ዓይኗ ረዳቱ ላይ ነበር።

«ዶክተር፣ አሁን ቢወጣላትስ?»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሰባት ሊሞላት ነው።»

ረዳቱ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው።

«የዛሬ ሁለት ዓመት ቢሆን ኖሮ…» አለና ወረቀቱን መልሶ አጠፈው።