የላላው ዳር

ታላቁ ጦርነት አራተኛ ዓመቱን በያዘበት፣ በ፲፱፻፲ ዓ.ም. በጥር ወር፣ ከወንዙ የሚነሣው ጉም እስከ ቀትር ድረስ ከከተማይቱ ጣሪያዎች ላይ አልለቅ ብሎ ሰነበተ፤ የሠራዊቱ ሹራብ መሥሪያ ቤት ግን ለብርድም ለጉምም ሥራውን አላቋረጠም። የስንቅና ትጥቅ ሹሙ በየሳምንቱ እየመጡ፣ «ጥይት ቢዘገይ ይታገሡኛል፤ የእግር ሹራብ ቢዘገይ ግን አይምሩኝም» ይሉ ነበርና፣ በረጅሙ አዳራሽ በየአግዳሚው የተደረደሩት ሴቶች ከመርፌያቸው ቀና የሚሉት እጃቸውን በትንፋሻቸው ለማሞቅ ብቻ ነበር።

ከነዚህ ሴቶች አንዷ የእግር ሹራብ ተረከዝ በመሥራት አቻ አልተገኘላትም፤ የሥራው አስቸጋሪ ቦታ ተረከዙ ነውና ባልደረቦቿ «እመት ተረከዝ» ይሏታል፤ ፊት ለፊት በአክብሮት፣ ዞር ስትል በሳቅ። ከጎኗ የምትቀመጠው የልጅነት ጓደኛዋ ደግሞ «ሳቂታ» ትባላለች፤ ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም። ሳቂታ ገና ልጅ ሳለች የሱፍ ማበጠሪያው መኪና የግራ እጇን ትንሽ ጣት ስለ ሰበረባት የረድፏን ጫፍ ማጥበቅ አይሆንላትም፤ የሠራችው ሁሉ በግራ ዳሩ ይላላል። ተቆጣጣሪው በመለሰባት ቁጥር እመት ተረከዝ እያጉረመረመች ተቀብላ ታስተካክልላታለች።

«አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ይኼኔ ልብስ አጣቢ ነበርኩ» ትላታለች ሳቂታ። እመት ተረከዝ በዓለም ላይ ከዚህ ቃል የበለጠ የምትወደው ነገር አልነበረም።

በዚያ ብርድ ሳቂታ ሳንባዋን ታመመች፤ ሐኪሙም ከአልጋ እንዳትነሣ አዘዘ። እመት ተረከዝ ከሠራዊቱ ሥራ ከተረፈ ግራጫ ክር የትከሻ ልብስ ትሠራላት ጀመር፤ ይህም የሙያቸውን ደንብ መጣስ ነበር። ሹራብ ሠሪ ለሹራብ ሠሪ ሹራብ አትሰጥም፤ የሰጠች እንደሆነ «እጅሽ አይረባም» እንዳለቻት ይቆጠራል። ስለዚህም ሁለቱ ያን ያህል ዘመን ሲዋደዱ አንዳቸው ለአንዳቸው አንዲት ጓንት እንኳ ሰጥተው አያውቁም።

ነገሩ የተበላሸው የአንድ ሻለቃ ባለቤት ሕሙማን ሠራተኞችን ሊጎበኙ የመጡ ዕለት ነው። የሹማምንት ሚስቶች አንድ ጊዜ መጥተው፣ ሾርባ ሰጥተው፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው መሄድ ልማዳቸው ነበር፤ እኚህ ግን በማግስቱም ተመለሱ፤ ከዚያም ወዲያ መቅረት ተሳናቸው። ከአልጋው ራስጌ ተቀምጠው የሳቂታን ቀልድ ሲሰሙ ሳቃቸው እስከ ደረጃው ይሰማል። አንድ ቀን እመት ተረከዝ ስትገባ ሳቂታ እኚያን ትልቅ እመቤት «አንቺ» እያለች ስታጫውታቸው አገኘቻት።

«ለእኔ ትተኛለች፤ ለሳቸው ግን ትነቃለች» አለች በልቧ። እውነቱን ለመናገር፣ ጓደኛዋ መታመሟን እንኳ የምትረሳበት ጊዜ ነበር፤ ከደጃፉ እንደ ደረሰች መጀመሪያ የምታየው የሴትዮዋ ካባ ተሰቅሎ እንደሆነና እንዳልሆነ ነበር።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ስትገባ ሳቂታ እንቅልፍ ወስዷት፣ ሴትዮዋ ታችኛ ከንፈራቸውን ነክሰው ከሰማያዊ ጥሩ ሱፍ ሹራብ ይሠራሉ።

«ምን እየሠሩ ነው፣ እመቤቴ?»

«የትከሻ ልብስ ነው» አሉ ፊታቸው ቀልቶ፤ «እባክዎ አይዩብኝ፤ በርስዎ ፊት ያሳፍራል።»

ጥቂት ቆይተው ሙቅ ውኃ ሊያመጡ ወጡ፤ ሰማያዊው ሹራብ ከነመርፌው ወንበሩ ላይ ቀረ። እመት ተረከዝ ግራጫውን አሰበች፤ በዚህ ሰማያዊ አጠገብ የፈረስ ግላስ መሰላት። ሳታመነታ ሹራቡን በቅርጫቷ ከታ ሄደች።

ቤቷ እንደ ደረሰች መርፌውን መዘዘችና የክሩን ጫፍ ይዛ ትተረትረው ጀመር። የላይኞቹ ረድፎች አንዱ የጠበቀ፣ አንዱ የተዘለለ፣ የጀማሪ እጅ ነበሩ፤ ብቻዋን ሳቀች። «ይኼን ነው የምታለብሳት!» እያለች ሳበች፤ ክሩም እየተጠማዘዘ ከጭኗ ላይ ተከመረ። ወደ ታች ስትወርድ ረድፉ እየተስተካከለ መጣ፤ እሷ ግን በቅናቷ ታውራ አላየችም። እጇን ያቆመችው፣ መዳፏ ሊያልቅ የደረሰውን ሹራብ በግራ በኩል ሲዳስስ ነው። ዳሩ ላልቶ ነበር።

ይህን ዳር በጨለማም ታውቀዋለች። መልሳ ልትሠራው ትችላለች፤ ያውም አሳምራ። ግን የሳቂታን እጅ ከየት ታመጣዋለች? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ልትናዘዝ ቆርጣ ሄደች። ከበሩ ስትደርስ የሻለቃው ባለቤት ድምፅ ተሰማት።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ልጠበው ብዬ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከርኩት፤ ተኮማትሮ ቀረ። ይቅር በይኝ።»

ሳቂታ ሳሉ እያቋረጣት ሳቀች። «አንቺ ሴት፣ ሁለቱም እጅሽ ግራ ነው! ለራስሽ ስጦታ እንኳ አትሳሺም? እኔስ ሳሉ ሲነሣብኝ መርፌ ስይዝ ይቀልለኝ ስለ ነበር ተጠቅሜበታለሁ። አይዞሽ፣ ይቅር ብዬሻለሁ።»

እመት ተረከዝ በሩን ይዛ ቆመች። ሹራቡ ለሴትዮዋ የተሠራ ስጦታ ኖሯል፤ እጇ የደከመ ቀን የቀረውን እንዲጨርሱት ያስተማረቻቸውም ራሷ ሳቂታ ኖራለች። በዚያች ሰዓት ከኀፍረት ቀድሞ የመጣባት ግን ቅናት ነበር፤ ለሷ ይገባ የነበረውን ይቅርታ ሴትዮዋ ወስደውባታልና። ገባች።

«ውሸት ነው፤ ወስጄ የተረተርኩት እኔ ነኝ፤ በቅናት!»

ሳቂታ እጇን ዘረጋችላት። «እህቴ፣ ልማድሽ መቼም አይለቅሽም። የኔን ጥፋት ስትሸፍኚ ኖርሽ፤ አሁን ደግሞ የሷን ልትሸከሚ? ካንቺ የምትሻል ሴት አላየሁም።»

ሴትዮዋ ትራሱን አቃኑ። እመት ተረከዝ «የምሬን ነው» ልትል አፏን ከፈተች፤ የሳቂታ እጅ ግን በእጇ ውስጥ ነበረ፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ሠርታ የጨረሰችውን ግራጫ ከሳቂታ ትከሻ ላይ አልብሳ ተነሣች።

የሻለቃው ባለቤት ደረጃው ላይ ደረሱባት።

«ስትወስጂው ከኮሪደሩ አይቼሻለሁ» አሏት፤ በአክብሮት መጥራቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ትተው። «አልከስሽም። ከሷ እጅ የተረፈ ቁራጭ ካለ ግን ስጪኝ።»

«ምንም አልተረፈም» አለች እመት ተረከዝ።

ጥር ሳያልቅ ሳቂታ ሞተች፤ ጦርነቱም በተከታዩ ዓመት በኅዳር መባቻ ሊያበቃ ሲል ሻለቃውን ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ታሪክ የጻፉ ሰዎች የሻለቃውን ጀግንነት በሰፊው ተረኩ፤ ባለቤታቸውንም «የሕሙማን እናት» ብለው በአንድ መስመር አነሱ፤ ስለ ሹራብ ሠሪዎቹ የጻፉት «ሴቶቹም በትጋት ሠሩ» የሚል ብቻ ነው። መትጋታቸው እውነት ነው። አንዷ ሴት በሌላዋ አልጋ ዙሪያ ያካሄደችውን ጦርነት ግን የሚመዘግብ መዝገብ የለም፤ የሚያውቁትም ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ ከሁለቱም የሻለቃው ባለቤት ቀድመው ሞቱ።

እመት ተረከዝ አረጀች። ብርድ በሆነ ቁጥር ከእጅጌዋ ሥር፣ ከእጇ አንጓ ላይ፣ ጠባብ ሰማያዊ የሹራብ ቁራጭ ትጠቀልል ነበር፤ ምንድን ነው ብለው ለሚጠይቋትም «ጓደኛዬ ለኔ ብላ የሠራችልኝ ነው» ትላቸዋለች፤ የሚያስተባብላት ሰው አልነበረም።